ቁጥሩን ከማመን በፊት፦ የታካሚን የደም ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምትና ሙቀት በትክክል መለካት

በታካሚ ካርድ ላይ 160/95 ተብሎ የሚሰፍረው ቁጥር ከደም ስር በቀጥታ የተነበበ አይደለም። አውቶማቲኩ ግፊት መለኪያ የሚያውቀው በካፉ (ክንድ ላይ በሚታሰረው፣ አየር በሚነፋው ጨርቅ) ውስጥ ያለው አየር በልብ ምት ሲርገበገብ ብቻ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው ፐልስ ኦክሲሜትር ኦክስጅን አያይም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። ሞኒተሩ «ትንፋሽ» እያለ የሚቆጥረውም በደረት ውስጥ በሚያልፍ ደካማ ኤሌክትሪክ ላይ የሚታየውን መዋዠቅ ነው። ከዚህ ተነስቶ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ላይ የሚደርሰው በስሌት ነው። ስሌቱ ደግሞ ታካሚው ዝም ብሎ ተቀምጧል፣ ካፉ ልኩ ነው፣ ጣቱ ሞቃት ነው ብሎ አስቀድሞ ተማምኗል።

ስለዚህ ከማንኛውም ቁጥር በፊት የሚጠየቀው አንድ ነው፦ መሣሪያው በእውነት እየለካ ያለው ምንድን ነው? ይህን የያዘ ባለሙያ የትኛው ቁጥር እንደሚዋሽና ለምን እንደሚዋሽ ራሱ ይደርስበታል። ከዚህ በታች ያለው ለነርሶች፣ ለጤና መኮንኖች፣ ለተለማማጅ ሐኪሞችና ለባዮሜዲካል ቴክኒሻኖች የተጻፈ ነው።

የደም ግፊት

ብዙ የሚለካውም ብዙ የሚሳሳተውም ይኸው ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት እንላለን።

ታካሚውን ማዘጋጀት። ከልኬቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና፣ ሲጋራና ከባድ እንቅስቃሴ አይኖርም። ጫት ግን በ30 ደቂቃ አይለቅም፤ ግፊትንም የልብ ምትንም ለሰዓታት ከፍ አድርጎ ያቆያል። ስለዚህ ሳያፍሩ ይጠይቁ፤ ታካሚው ቅሞ ከሆነ ከቁጥሩ ጎን ይጻፉት። ሽንት ቤት ሄዶ ይምጣ፤ የተወጠረ ፊኛ ብቻውን ግፊትን በ10 እና ከዚያ በላይ ሊያንረው ይችላል። ከዚያ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሮቹ ሳይጣመሩ መሬት ረግጠው፣ ሳይናገር 5 ደቂቃ ይቀመጥ። ወረፋ በበዛበት ተመላላሽ ክፍል 5 ደቂቃ ቅንጦት ይመስላል፤ ግን አንዱን እየለኩ ቀጣዩን ጎን ባለ ወንበር ላይ ካስቀመጡት ጊዜው በነፃ ይገኛል። «አባባ፣ እስክጨርስ ድረስ ዝም እንበል፤ ከዚያ ሁሉንም ይነግሩኛል» ማለት በቂ ነው። እየለኩ የታካሚውን ታሪክ መጠየቅ ሰዓት የሚቆጥብ ይመስላል፣ የሚሰጠው ግን ከፍ ያለ የውሸት ንባብ ነው።

ካፍ መምረጥ። በትከሻ ጫፍና በክርን አጥንት መካከል፣ መሐል ላይ የክንዱን ዙሪያ በሜትር ይለኩ። ከ22 እስከ 26 ሴ.ሜ. ከሆነ ትንሹ የአዋቂ ካፍ፣ ከ27 እስከ 34 መደበኛው፣ ከ35 እስከ 44 ትልቁ፣ ከ45 እስከ 52 የጭን ካፍ ይሆናል። ቁም ነገሩ በጨርቁ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ነው፤ ርዝመቱ የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ፣ ስፋቱ 40 በመቶ መሸፈን አለበት። ከረጢቱ ካነሰ ግፊቱ እስከ ደም ቅዳው ድረስ በደንብ ስለማይደርስ ተጨማሪ አየር መንፋት ያስፈልጋል፤ ውጤቱም ግፊት የሌለበትን ወፍራም ሰው ግፊተኛ ማድረግ ነው። ካፉ ከበዛ ንባቡ ዝቅ ይላል፣ ስህተቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ያለው ካፍ አንድ ብቻ ከሆነ «ትልቅ ካፍ የለም፣ በመደበኛው የተለካ» ብሎ መጻፍ ቀጥሎ መድኃኒት የሚያዘውን ሰው ከስህተት ያድናል።

ማሰር። ባዶ ክንድ ላይ ይሁን። የሹራብን እጅጌ ወደ ላይ መጠቅለል ክንድን እንደ ገመድ ያስራል፤ ማውለቅ ይሻላል። የካፉ የታች ጠርዝ ከክርን እጥፋት 2 እስከ 3 ሴ.ሜ. ከፍ ይበል፤ ካፉ ላይ ያለው የደም ቅዳ ምልክት በክንዱ ውስጠኛ በኩል በሚመታው ደም ቅዳ ትክክል ይረፍ። ከታሰረ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ጣት የሚያስገባ ከሆነ ልክ ነው።

የክንዱ ከፍታ። የካፉ መሐል ከደረት አጥንት አጋማሽ ጋር እኩል መሆን አለበት። ክንዱ ከልብ በ10 ሴ.ሜ. ዝቅ ባለ ቁጥር ንባቡ ከ7 እስከ 8 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ይጨምራል፤ ከፍ ካለ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ይህ የደሙ ዓምድ ክብደት ብቻ ነው፣ በሽታ የለበትም። ክንዱ በጠረጴዛ ወይም በትራስ ይደገፍ፤ ታካሚው ራሱ ዘርግቶ ከያዘው ጡንቻው ስለሚወጠር ግፊቱ ይጨምራል።

በጆሮ ሲለካ እንዲህ ይሂዱ፦

1. የእጅ አንጓ ምትን ይዘው እስኪጠፋ ድረስ ይንፉ። የጠፋበት ቁጥር ግምታዊው የላይኛው ግፊት ነው።
2. አየሩን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ 30 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ።
3. ስቴቶስኮፑን ከካፉ በታች፣ በክርን እጥፋት ላይ ያሳርፉ። ካፉ ሥር መሸጎጥ እጅ ያስፈታል፣ ግን ደም ቅዳውን ይጫነዋል፤ ድምፁም ይበላሻል።
4. ከግምቱ በ20 እስከ 30 ከፍ አድርገው ይንፉ፤ ከዚያ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ እየቀነሱ ይልቀቁ።
5. ተከታትለው ከሚሰሙት ድምፆች የመጀመሪያው የላይኛው ነው፤ ድምፁ ፈጽሞ የጠፋበት የታችኛው ነው። እስከ ዜሮ ድረስ የሚሰማ ከሆነ (በነፍሰ ጡሮችና በልጆች ላይ ያጋጥማል) ድምፁ የታፈነበትን ይውሰዱና ያንን ይጻፉ።

የመጀመሪያው ደረጃ በችኮላ የሚዘለል ነው፤ መዘለል ግን የለበትም። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ የቆየ ግፊት ባለባቸው አረጋውያን፣ ድምፁ ከጀመረ በኋላ መሐል ላይ ይጠፋና ዝቅ ብሎ ተመልሶ ይመጣል። ወደዚያ ክፍተት ብቻ የነፋ ሰው 200 የነበረውን 150 ብሎ ይጽፋል። በጆሮ የመለካቱ ዘዴ የሩሲያዊው ሐኪም የኒኮላይ ኮሮትኮቭ ነው፤ በ1905 አቀረበው። ድምፆቹ እስካሁን በስሙ ይጠራሉ።

የመርፌው መለኪያ መስመሮች በሁለት በሁለት የተከፈሉ ናቸው። ስለዚህ 125 ወይም 133 የሚል ንባብ ከእሱ አይወጣም፤ ሁሉም በዜሮ የሚያልቅ የዋርድ ካርድም (120/80፣ 130/80፣ 120/80) ማንም በደንብ እንዳላዳመጠ ይናገራል።

ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይለኩ፣ በመካከል አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ አማካዩን ይያዙ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው በሁለቱም ክንድ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ ክትትሉ ከፍ ባለው ክንድ ይሁን። ልዩነቱ በተደጋጋሚ ከ15 በላይ ከሆነ የደም ቅዳ መጥበብ ስለሚጠረጠር ለሐኪም ይነገር። የኩላሊት እጥበት ፊስቱላ (ለእጥበት በቀዶ ጥገና የተገናኘ ደም ስር) ያለበት ክንድ፣ ጡቷ በካንሰር ምክንያት የተወገደ ሴት በዚያ በኩል ያለው ክንድ፣ ግሉኮስ የተሰካበት ክንድ አይታሰርም።

አውቶማቲኩ ማሽን በመርህ ደረጃ የሚያገኘው አማካዩን ግፊት ነው፤ በካፉ ውስጥ ያለው ርግብግቢት ትልቅ የሚሆንበትን ቦታ ይፈልጋል። የላይኛውንና የታችኛውን ከዚያ ተነስቶ በአምራቹ ቀመር ይገምታል። የልብ ምቱ የተዘበራረቀ፣ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሾክ (ደም ወደ አካላቱ በበቂ የማይደርስበት ሁኔታ) ውስጥ ያለ ታካሚ ላይ ቀመሩ መሠረቱን ያጣል። በእጅ ይለኩ፤ ምቱ የተዘበራረቀ ከሆነ ሦስት ጊዜ ይለኩና አማካዩን ይውሰዱ።

መሣሪያውንም ይፈትሹ። ካፉ ባዶ ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ ካልሆነ አይጠቀሙበት። ካፉን ጠንካራ ጠርሙስ ላይ ጠቅልለው ወደ 200 ይንፉ፣ ቫልቩን ይዝጉ፤ በደቂቃ ከ4 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ በላይ ከወረደ ቱቦው፣ ቫልቩ ወይም ከረጢቱ ያፈሳል። የመርፌ መለኪያ አንዴ መሬት ከወደቀ ዜሮ ላይ ቢቆም እንኳ 150 ላይ ልክ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ወደ ባዮሜዲካል ክፍል ተልኮ ከሚታመን መለኪያ ጋር ይመሳከር።

ኦክስጅን በጣት

መሣሪያው ሁለት ብርሃን ያበራል፦ ቀይ፣ 660 ናኖሜትር ገደማ፣ እና ኢንፍራሬድ፣ 940 ገደማ። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ የኦክስጅን ተሸካሚው) ኢንፍራሬዱን፣ ያልያዘው ደግሞ ቀዩን አብልጦ ይውጣል። ቆዳው፣ አጥንቱና ደም መልሱ የሚውጡት ከምት ምት አይለዋወጥም፤ የሚለዋወጠው ልብ በመታ ቁጥር የሚገባው የደም ቅዳ ደም ብቻ ነው። ጃፓናዊው ኢንጂነር ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያስተዋለው ይህንኑ ነው፦ የሚርገበገበውን ብቻ ለይቶ ማስላት። ስለዚህ የሚርገበገብ ነገር ከሌለ ቁጥር የለም፤ ቁጥር ቢወጣም ከንቱ ነው።

አሠራሩ፦ የሞቀ ጣት ይምረጡ፣ ግፊት የሚለካበት ክንድ አይሁን (ካፉ ሲነፋ ደሙ ይቆምና ማንቂያው ይጮሃል)። ሰንሰሩን እስከ ጥጉ ያስገቡ። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ሳይሆን ሞገዱን ይዩ፤ ተመሳሳይ፣ ሹል፣ ተከታታይ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ግማሽ ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ቀጥለው ማሽኑ የሚያሳየውን የልብ ምት በእጅ ከሚዳሰሰው ምት ጋር ያነጻጽሩ። ካልተስማሙ ኦክስጅኑን አይጻፉ።

የሚበላሽባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። እጅ ከቀዘቀዘ በሞቀ ፎጣ ይጠቅልሉ ወይም የጆሮ ጫፍ ላይ ይሞክሩ፤ የጣት ሰንሰር ጆሮ ላይ ማድረግ ግን አይሆንም፣ የጆሮው የራሱ ነው። የጥፍር ቀለም ይጥረጉ። ሂና ወይም እንሶስላ ግን አይጠረግም፤ ጥቁር ሆኖ ከተቀባ ብርሃኑን ሊያግድ ስለሚችል ያልተቀባ ጣት ወይም የእግር ጣት ይፈልጉ። ኃይለኛ የመብራት ብርሃን ካለ ሰንሰሩን በጨርቅ ይሸፍኑ።

ሌሎቹ ግን ሞገዱ እያማረ የሚዋሹ ናቸው፣ ስለዚህ የበለጠ ያስፈራሉ። በተዘጋ ቤት ከሰል ለኩሶ የተኛ ሰው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ ኦክሲሜትሩ 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ተራው ኦክሲሜትር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተጣበቀበትን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከያዘው መለየት አይችልም። እዚህ ላይ ታሪኩ ከቁጥሩ ይበልጣል፤ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ ግራ መጋባትና የከሰል ቤት ከተሰሙ ኦክስጅን ወዲያው ይሰጣል። ሜትሄሞግሎቢን (ኦክስጅን መሸከም ያቃተው የተለወጠ ሄሞግሎቢን) ሲበዛ ደግሞ ንባቡ ምንም ቢደረግ 85 አካባቢ ላይ ይቆማል። ደም ማነስም አለ፦ ሄሞግሎቢኗ 5 የሆነ እናት 99 በመቶ ልታሳይ ትችላለች። ቁጥሩ ያሉት ተሸካሚዎች ምን ያህሉ ሞልተዋል ይላል እንጂ ስንት ተሸካሚ አለ አይልም።

ለእኛ በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። በጥቁር ቆዳ ላይ ኦክሲሜትር ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ እንዳለው በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ቁጥሩ ደህና እየመሰለ በደም ምርመራ ኦክስጅን ያነሰባቸው ጥቁር ታካሚዎች ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ 92 እና 93 የሚያሳይ፣ ግን በትንፋሽ የሚጨነቅ ታካሚ «ቁጥሩ ደህና ነው» ተብሎ አይታለፍም።

በሌላ በኩል ከፍታ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት 580 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ገደማ ነው፣ በባሕር ወለል 760። ከዚህ ላይ የውሃ ተን 47 ተቀንሶ 21 በመቶው ሲወሰድ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት 112 ያህል ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 150። ስለዚህ በጎንደር ወይም በአዲስ አበባ ጤነኛ ሰው ላይ 94 ማየት በራሱ አያስደነግጥም፤ በአፋር ቆላ፣ አሳይታ ላይ ያው 94 ሌላ ትርጉም አለው። ለባሕር ወለል የተጻፈ መመሪያ ሲነበብ ይህ መታሰብ አለበት።

ትንፋሽ

ሙሉ 60 ሰከንድ ይቆጠር። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት የአንዲት ትንፋሽ ስህተትን ወደ አራት ያሳድጋል። ታካሚው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል፤ ስለዚህ የእጅ አንጓውን እንደያዙ፣ ምት የሚቆጥሩ መስለው ደረቱን ይዩ። በአዋቂ ከ12 እስከ 20 የተለመደው ነው።

ሕፃን ሲያለቅስ ወይም ሲጠባ አይቆጠርም፤ እናትየው ልብሱን ገለጥ አድርጋ ጸጥ ብሎ እስኪተኛ ይጠበቃል። ፈጣን ትንፋሽ የሚባለው ከ2 ወር በታች 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ነው። ከ2 ወር በታች ባለ ሕፃን 60 ከደረሰ ድጋሚ ይቆጠራል፤ አራስ ሕፃን ትንፋሹ በባሕርዩ ወጣ ገባ ይላል።

የሞኒተሩን ቁጥር በጥርጣሬ ይዩት። የሚቆጥረው ደረት ላይ በሚለጠፉት የኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ) ኤሌክትሮዶች መካከል የደረቱን መነፋት ነው። አየር መንገዱ ተዘግቶ ደረቱ በከንቱ የሚታገል ታካሚ ላይም «22» እያለ ይቀጥላል። የትንፋሹ ቁጥር ከልብ ምቱ ጋር እኩል ከሆነ ደግሞ እየቆጠረ ያለው የልብን እንቅስቃሴ ነው። ኦክስጅን በሚሰጠው ታካሚ ላይ ትንፋሽ ከኦክሲሜትር ቀድሞ ይናገራል፤ ትንፋሹ ወደ 6 ወርዶ እንኳ ጣቱ ለተወሰነ ጊዜ 97 ሊያሳይ ይችላል።

ኢሲጂ

ከልብ ወደ ቆዳ የሚደርሰው ምልክት 1 ሚሊቮልት ገደማ ነው። የደረቀ ቆዳ፣ ላብ፣ ፀጉርና የተለቀቀ ጄል ይህን በቀላሉ ይውጡታል። ፀጉር ካለ በመቀስ ይቆረጥ፤ ቆዳው በአልኮል ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቅ፣ ከዚያ በደረቅ ጋዝ ቀለል ተደርጎ ይታሽ። ፓኬቱ ከተከፈተ የቆየ ኤሌክትሮድ ጄሉ ስለሚደርቅ ጣትዎን አስነክተው ይፈትሹ፤ የማይርስ ከሆነ ይጣል።

አሁን ወደ ቀለሞቹ። እዚህ አገር በአንድ ሆስፒታል ውስጥ የአውሮፓም የአሜሪካም ማሽን አብሮ ይገኛል፣ ቀለማቸው ግን አይገናኝም። በአውሮፓው ቀይ ቀኝ ክንድ፣ ቢጫ ግራ ክንድ፣ አረንጓዴ ግራ እግር፣ ጥቁር ቀኝ እግር፣ ነጭ ደረት ነው። በአሜሪካው ነጭ ቀኝ ክንድ፣ ጥቁር ግራ ክንድ፣ ቀይ ግራ እግር፣ አረንጓዴ ቀኝ እግር፣ ቡናማ ደረት ነው። ቀይ በአንዱ ክንድ፣ በሌላው እግር ሆነ ማለት ነው። ቀለሙን ከማስታወስ ሽቦው ላይ የተጻፈውን ፊደል ማንበብ ይሻላል። የክንድ ሽቦዎች ከተቀያየሩ ሊድ 1 ተገልብጦ፣ ኤቪአር ደግሞ (ሁለቱም ልብ ከሚታይባቸው አቅጣጫዎች፣ ከሊዶቹ ናቸው) ወደ ላይ ሆኖ ይወጣል፤ ይህን ያየ ሰው በሽታ ከመፈለጉ በፊት ሽቦ ይፈትሻል።

ለባለ 12 ሊድ ኢሲጂ የስድስቱ የደረት ኤሌክትሮዶች (ከቪ1 እስከ ቪ6) ቦታ የሚገኘው በመዳሰስ ነው። ከአንገት ሥር ወደ ታች ሲወርዱ ደረት አጥንቱ ላይ የሚያጋጥመው ጉብታ ከሁለተኛው የጎን አጥንት ትክክል ነው፤ ከእሱ በታች ያለው ክፍተት ሁለተኛው ነው። እየቆጠሩ አራተኛው ክፍተት ላይ ሲደርሱ በቀኝ ቪ1፣ በግራ ቪ2። ቀጥሎ ቪ4ን በአምስተኛው ክፍተት፣ በአንገት አጥንት አጋማሽ መስመር ላይ ያድርጉ፤ ቪ3 በቪ2 እና በቪ4 መካከል ይገባል። ቪ5 እና ቪ6 ከቪ4 ጋር በአንድ አግድም መስመር፣ አንዱ የብብት ፊት መስመር ላይ፣ ሌላው የብብት መሐል ላይ ናቸው። የሴት ጡት ካለ ከሥሩ ይለጠፋል። ቪ1 እና ቪ2ን ወደ ሁለተኛው ክፍተት ከፍ አድርጎ መለጠፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ የሌለ የልብ ጉዳት ያስመስላል።

ወረቀቱ በሰከንድ 25 ሚሊሜትር መሄዱንና የመለኪያው ምልክት 10 ሚሊሜትር ከፍ ማለቱን ሳያዩ አያንብቡ። መስመሩ በሙሉ ወፍሮ እንደ ሱፍ ክር ከሆነ የመብራት ጣልቃ ገብነት ነው፦ ኤሌክትሮዱን እንደገና ይለጥፉ፣ የታካሚውን ስልክ ቻርጀር ይንቀሉ፣ ከዚያ ማጣሪያውን ይዩ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ለአሜሪካ የተሠራ ማሽን 60 ላይ ተስተካክሎ ከመጣ ማጣሪያው የማይኖረውን ረብሻ እየተከላከለ የእኛን ያሳልፋል። የመስመሩ ቀስ ብሎ መውጣትና መውረድ ግን ከትንፋሽ ወይም ከተለቀቀ ኤሌክትሮድ ነው።

ሞኒተሩ በክትትል አሠራር ላይ እያለ ምልክቱን ከ0.5 እስከ 40 ኸርዝ ባለው ያጥረዋል፤ ለንጹህ መስመር ጥሩ ነው፣ የኤስቲን ክፍል (የልብ ጥቃት የሚታይበትን የመስመሩን ክፍል) ግን ያዛባል። የልብ ጥቃት በሞኒተር አይፈረድም፤ ባለ 12 ሊድ ይነሳ። በሚንቀጠቀጥ ታካሚ ላይ ደግሞ ሞኒተሩ አደገኛ የልብ ምት መስሎ ይጮሃል፤ ታካሚው እያወራዎት ከሆነና የኦክሲሜትሩ ሞገድ ተስተካክሎ እየሄደ ከሆነ እጁን ይያዙት።

ሙቀት

በብብት የሚለካው ከውስጡ ሙቀት ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ብብቱ ይደርቅ፣ ጫፉ መሐሉ ላይ ይሁን፣ ክንዱ ይጠጋ። ዲጂታሉ እስኪጮህ፣ የሜርኩሪው ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቆይ። በሕፃናት በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው፤ አራስ ሕፃን ከ36.5 በታች ከሆነ ቀዝቅዟል፣ ይሞቅ። በአፍ ከሆነ ሻይ ከጠጡ 20 ደቂቃ ይለፍ። በግንባር የሚተኮሰው ላብና ነፋስ በቀላሉ ያታልሉታል፤ ከፀሐይ የገባ ሰው ትንሽ ይቀመጥ፣ አጠራጣሪ ከሆነ በብብት ይረጋገጥ።

በደም ቅዳ ውስጥ የሚገባ መለኪያ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚሠሩ። ትራንስዱሰሩ (ግፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ክፍል) ከአራተኛው የጎን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መሐል መስመር ጋር እኩል ይሁን፤ አልጋው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር እንደገና ይስተካከል፣ ያው 10 ሴ.ሜ. 7.5 ነውና። ቫልቩን ለአየር ከፍተው ዜሮ ያድርጉ። የግፊት ከረጢቱ 300 ሚ.ሜ. ሜርኩሪ ላይ ይሁን። ፈሳሹን ፈጣን ለቀቅ አድርገው ሲያቆሙ ሞገዱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተወዛውዞ ቢያርፍ ሥርዓቱ ደህና ነው። ሳይወዛወዝ ቢንሸራተት የአየር አረፋ ወይም የረጋ ደም አለ፣ የላይኛው ግፊት ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ብዙ ቢወዛወዝ ቱቦው ረዝሟል፣ የላይኛው ይጋነናል። በሁለቱም ጊዜ አማካዩ ከሌሎቹ ይታመናል።

አጻጻፍ

ቁጥር ያለ ሁኔታው ግማሽ ነው። «ኦክስጅን 91» ሳይሆን «91፣ በደቂቃ 3 ሊትር በአፍንጫ፣ ግራ እጅ፣ ሞገዱ ጥሩ»። «140/90» ሳይሆን «140/90፣ ቀኝ ክንድ፣ ተቀምጦ፣ መደበኛ ካፍ፣ የሁለት ልኬት አማካይ»። «38» ሳይሆን «38.0፣ በብብት»። መለካት ካልተቻለ «አልተለካም» ተብሎ ምክንያቱ ይጻፍ፤ ካለፈው ፈረቃ የተቀዳ ቁጥር ከባዶ ቦታ የከፋ ነው፣ ምክንያቱም ማታ ተረኛው ታካሚው እየባሰበት መሆኑን የሚያይበትን ብቸኛ መስመር ይደፍናል።